በብርሃን ያረጀ ፊት

አንዲት ቆንጆ ሴት ካሜራው ፊት ቆማለች። ፊቷ ጥርት ያለ ነው፤ ግንባሯ ላይ አንድ መስመር እንኳ የለም። ከዚያ በዐይናችን እያየነው ፊቷ መጨማደድ ይጀምራል። ከዐይኗ ሥር ያለው ይጠቁራል፤ ጉንጯ ይጎደጉዳል፤ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ወደ አፏ የሚወርድ ቦይ ይቀደዳል፤ ግንባሯ እንደ እርሻ ይተለማል። ጥቂት ሰከንዶች ሳይሞሉ ወጣቷ ጠፍታ አሮጊት ትተካለች። ካሜራው አልተቋረጠም፤ አንዱ ምስል ደብዝዞ በሌላ አልተተካም፤ ማንም መጥቶ ፊቷን አልነካም።

ይህ የተሠራው ኮምፒውተር የፊልም መሣሪያ ከመሆኑ ብዙ ዓሥርት ዓመታት በፊት ነው። ፊልሙ «ኢ ቫምፒሪ» ይባላል፤ በጣልያንኛ «ቫምፓየሮቹ»፣ ደም መጣጮቹ፣ ማለት ነው። ጣልያን ውስጥ ለሕዝብ መታየት የጀመረው በፈረንጅ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 1957፣ በእኛ መጋቢት 27 ቀን 1949 ዓ.ም. ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ዳይሬክተሩ ሪካርዶ ፍሬዳ፣ ካሜራውንና ብርሃኑን የያዘው ማርዮ ባቫ ነው። በወጣበት ጊዜ ብዙ ተመልካች አላገኘም፤ ዛሬም ከአስፈሪ ፊልም ወዳጆች ውጭ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ስለ አስፈሪ ፊልም አሠራር ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ምክንያቱም የዚያች ፊት ምስጢር ከገባን፣ ትንሽ ገንዘብና ጥቂት ቀን የነበራቸው ሰዎች እንዴት አድርገው አንድ ሙሉ የፊልም ዘርፍ እንዳቆሙ አብሮ ይገባናል።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ፍጻሜውንም ጨምሬ ነው የምናገረው፣ ያለዚያ ማብራራት አይቻልም።

ቦታው ፓሪስ ነው፤ ዘመኑ ፊልሙ የተሠራበት የ1950ዎቹ ዘመን ነው። ከሴይን ወንዝ የአንዲት ወጣት አስከሬን ይወጣል። ሲመረመር ገላዋ ውስጥ ደም የለም። ከእሷ በፊትም በተመሳሳይ መንገድ የሞቱ ሴቶች አሉ፤ የሁሉም የደም ዓይነት አንድ ነው። ጋዜጦች ገዳዩን «ቫምፓየር» ብለው ይሰይሙታል። ፒየር ላንተን የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ነገሩን እግር በእግር ይከታተላል፤ ኢንስፔክተር ሻንታል የሚባለው መርማሪ ደግሞ ጋዜጠኛው እጁን ባያስገባበት ደስ ይለዋል። እስከዚህ ድረስ የምናየው ጥሩ የወንጀል ታሪክ ነው፤ ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ ጥርጣሬ፣ የሚሰወር ምስክር።

በሌላ በኩል ከከተማው ኑሮ የተነጠለ የዱ ግራን ቤተሰብ ቤተ መንግሥት አለ። እዚያ ውስጥ ፊቷን በመሸፈኛ ጋርዳ የምትኖር ማርጌሪት የምትባል አሮጊት ዱቼስ አለች። ዱቼስ ማለት የመስፍን ማዕረግ ያላት ሴት ናት። የእህቷ ልጅ ነች የምትባለው ጂዜል ደግሞ ውበቷ አገር የሚያወራለት ወጣት ናት፤ ፒየርን ትወደዋለች። ማርጌሪት በወጣትነቷ የፒየርን አባት ትወድ ነበር። ፒየር ይህንን ቤት አይወደውም፤ ጂዜልንም ይሸሻታል። ለምን እንደሚሸሻት ራሱም በቅጡ የሚያውቅ አይመስልም፤ እኔ ይህንን የፊልሙ ረቂቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው፤ ሰውየው የሚሸሸው የአባቱን ዘመን ነው።

መቼም ገምታችሁታል፤ ማርጌሪትና ጂዜል አንድ ሴት ናቸው። የዱቼሷ ዘመድ የሆነው ዶክተር ዡልየን ዱ ግራን ሕዝብ እንደሚያውቀው ሞቷል፣ ተቀብሯልም፤ እውነቱ ግን ሞቱን አስመስሎ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በተደበቀ ላቦራቶሪ ሥራውን ቀጥሏል። ከተጠለፉት ልጃገረዶች ደም እየቀዳ ለአሮጊቷ ይሰጣል፤ እሷም ለጊዜው ወጣት ትሆናለች። ጠለፋውን የሚፈጽመው ዡዜፍ ሴንየሬ የሚባል፣ በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘ ምስኪን ነው፤ ሱሱን የያዘለት ሰው ያዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። ደሙ የሚሰጣት ወጣትነት ግን አይቆይም። በተለይ ስትደነግጥ ወይም ስትናደድ ዕድሜዋ ከተደበቀበት ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ፖሊስ ቤቷ ገብቶ ሲጠይቃት፣ ሁሉም እያዩዋት፣ ፊቷ ይከዳታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ ረጅም ጥርስ የለም፤ የሌሊት ወፍ የለም፤ መስቀል አይቶ የሚሸሽ መንፈስ የለም። ደም የሚወጣው በመርፌና በቱቦ፣ ነጭ ካፖርት በለበሰ ሐኪም እጅ ነው። ከታሪኩ ጀርባ ያለችው ከ1560 እስከ 1614 የኖረችው የሃንጋሪ ባላባት ኤልዛቤት ባቶሪ ናት፤ ከሞተችም በኋላ «ወጣት ለመሆን በልጃገረዶች ደም ትታጠብ ነበር» የሚል አፈ ታሪክ ተነግሮባታል። ፍሬዳ ይህንን የቆየ ወሬ ወስዶ በዘመኑ ሕክምና አለበሰው። በ1957 የሲኒማ ተመልካች መንፈስን ላያምን ይችላል፤ የደም ዝውውርን ግን ሆስፒታል አይቶታል። ፍርሃቱ የሚታመነው ለዚህ ነው።

ለምን ቀደም ብሎ አልተሠራም? ጣልያን ከዚያ በፊት አስፈሪ ፊልም አልነበራትም ለማለት ይቀራል። በድምፅ አልባው ዘመን በ1921 ስለ ፍራንከንስታይን የተሠራ አንድ ፊልም ነበር፤ ቅጂው ጠፍቷል። ከዚያ ሙሶሊኒ መጣ። ፋሽስቶቹ በሲኒማ እንዲታይ የፈለጉት ጤነኛ፣ ደስተኛና አሸናፊ ሕዝብ ነው፤ በመቃብርና በበሽተኛ ቅዠት ላይ የተመሠረተ ፊልም ቦታ አልነበረውም። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ ስም የሆነው ተራውን ሰው፣ ድኻውን ሠፈር፣ ሥራ አጡን አባት የሚያሳየው የእውነታ ሲኒማ ነው። ፍሬዳ ይህንን ዓይነቱን ሲኒማ አይወደውም ነበር፤ እሱ የሚወደው ፈረስ ግልቢያ፣ ጎራዴ፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ትልቅ ስሜት ነበር። በ1909 በግብፅ እስክንድርያ የተወለደ፣ ሚላን ያደገ፣ ወደ ፊልም ከመምጣቱ በፊት ቅርፃ ቅርፅ ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

ፍሬዳ ኋላ እንደተናገረው ነገሩ የተጀመረው ከፕሮዲዩሰሮቹ ከኤርማኖ ዶናቲና ከሉዊጂ ካርፔንቲየሪ ጋር ሲያወራ ነው። «ታሪኩን በአንድ ቀን እጽፋለሁ፤ ፊልሙን በሁለት ሳምንት ሠርቼ አስረክባለሁ» አላቸው። ቲታኑስ የሚባለው የሮም ትልቅ የፊልም ድርጅት ገባበት፤ የመቅረጫ ጊዜው 12 ቀን ያህል ሆነ። 12 ቀን ለሰፊ ስክሪን ፊልም፣ ለቤተ መንግሥት፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመቃብር ቤት፣ ለፓሪስ ጎዳና ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ አንዲት ፍሬም እንኳ ሮም ላይ እንደተቀረጸ አለመምሰሏ ነው።

የቤተ መንግሥቱን ውስጥ የነደፈው ቤኒ ሞንትሬሶር ነው። ግዙፍ የእሳት ምድጃ፣ የተጠማዘዘ ምሰሶ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሚንጠለጠል መጋረጃ፤ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ሰው በአዳራሹ ጥግ ሲቆም ትንሽ ነፍሳት ይመስላል። ይኸው ሰው በ1965 አሜሪካ ውስጥ ለሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል የሚሰጠውን ትልቁን ሽልማት፣ የካልዴኮት ሜዳልያን አግኝቷል። ልጆችን በሥዕል የሚያስደስት እጅ ትልልቆችን በምሰሶ ማስፈራቱን ሳስብ፣ ሁለቱም ሥራ የሚፈልቀው ከአንድ ምንጭ መሆኑን አምናለሁ።

አሁን ወደ ፊቷ እንመለስ። ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ቲማቲም ለምን ቀይ ሆኖ ይታየናል? ነጭ ብርሃን የሁሉም ቀለም ድብልቅ ነው። ቲማቲሙ ከዚያ ድብልቅ ውስጥ ሌላውን ውጦ ቀዩን ይመልሰዋል፤ ዐይናችን የሚደርሰው የተመለሰው ነው። ቀይ ብርሃን ብቻ ብታበሩበት የመጣለትን አብዛኛውን ስለሚመልስ ፈክቶ ይታያል። አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ብታበሩበት ግን የሚመልሰው ነገር የለውም፤ ይጠቁራል። ቲማቲሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የበራበት ብርሃን ነው።

በዚህ ላይ የጥቁርና ነጭ ፊልምን ጠባይ ጨምሩበት። ይህ ፊልም የሚመዘግበው «ምን ያህል ብርሃን መጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ብርሃኑ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይነግረንም፤ ብዙ ከመጣለት ነጭ፣ ትንሽ ከመጣለት ጥቁር፣ መካከለኛ ከሆነ ግራጫ ያደርገዋል። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ በቀይ መብራት ቢጥለቀለቅ፣ ከዚያ ደግሞ በአረንጓዴ ቢጥለቀለቅ፣ የብርሃኑ ጥንካሬ እኩል እስከሆነ ድረስ ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ለውጡን አያውቅም።

ባቫ ሁለቱን አጋጠማቸው። የተዋናይቷ ፊት ላይ የእርጅና መስመሮች በቀይ ቀለም ይሣላሉ፤ የዐይን ሥር ከረጢት፣ የግንባር ሽብሽብ፣ የጉንጭ ጉድጓድ። ከዚያ በቀይ ማጣሪያ የተሸፈነ መብራት ይበራባታል። የሰው ቆዳ ቀይ ብርሃንን በደንብ ይመልሳል፤ በቀይ የተሣለውም መስመር እንዲሁ። ሁለቱም እኩል ስለሚፈኩ መስመሩ ከቆዳው አይለይም፣ ይሰወራል። ደግሞ ቀይ ብርሃን ራሱ ቆዳን የማለስለስ ጠባይ ስላለው ተዋናይቷ ከወትሮዋም አምራ ትታያለች። ቀጥሎ ቀዩ መብራት ቀስ እያለ ይደክማል፤ በዚያው ልክ በአረንጓዴ ማጣሪያ የተሸፈነው ይበረታል። ቆዳዋ ከአረንጓዴው ብርሃን የተወሰነውን ይመልሳል፤ ቀዩ መስመር ግን ይውጠዋል። መስመሩ እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ይመጣል። እርጅናው መጀመሪያውኑ እዚያው ፊቷ ላይ ነበር፤ መብራቱ ነው የገለጠው።

ማመን ያቃተው ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ መዳፌ ላይ ከአውራ ጣቴ ሥር ጥቂት የተሸበሸቡ መስመሮች ሣልኩ። ማታ መብራት አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ በድርብ ቀይ የከረሜላ ልጣጭ ሸፍኜ አበራሁበት። መስመሮቹ ጠፉ ብል ይቀላል፤ የት እንደሣልኳቸው እያወቅኩ በዐይኔ መፈለግ ነበረብኝ። ከዚያ ልጣጩን አንሥቼ ከአረንጓዴ የለስላሳ ጠርሙስ የቆረጥኩትን ላስቲክ ተካሁበት። መዳፌ ላይ በቀለም ብዕር የተጻፈ ያህል ጥቁር ብለው ብቅ አሉ። ስልኩን በጥቁርና ነጭ እንዲቀርጽ አድርጋችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ባቫ ያየውን ታያላችሁ። ከእጄ ጀርባ ይልቅ መዳፍ የመረጥኩት ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስለሚደበዝዝ ነው፤ ቀለሙ ከተዋናዩ ቆዳ ጋር መመጣጠን እንዳለበት ያኔ ነው የገባኝ።

እንግዲህ በቀረጻው ቀን ስቱዲዮው ውስጥ የነበረ ሰው ምን እንደሚያይ አስቡት። በደም ቀይ ብርሃን የተነከረ ክፍል ቀስ ብሎ ወደ አረንጓዴ ሲዞር፣ መሐሉ ላይ ፊቷ በቀይ መስመር የተዥጎረጎረ ሴት ቆማ። ለዚያ ሰው ምንም ተአምር የለም። ተአምሩ የሚፈጠረው ፊልሙ ቀለሙን ሲረሳው ነው።

ዘዴው ቀላል ነው ማለት አፈጻጸሙ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሁለቱ መብራቶች ሲተካኩ አጠቃላይ ብርሃኑ ከወረደ ወይም ከወጣ ተመልካቹ ይነቃል። ልብሷ ወይም ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አብሮ ይለዋወጣል። መስመሩ ከመጠን በላይ ከወፈረ በቀዩም ብርሃን ጥላ ይጥላል። ተዋናይቷም ራሷን ካንቀሳቀሰች የመብራቱ ማዕዘን ይበላሻል። ደግሞ ብርሃን ብቻውን ቆዳ አያንጠለጥልም፣ አፍንጫ አያረዝምም፤ የሚችለው መስመርና ጥላ ማምጣት ነው። የቀረውን የምትሠራው ተዋናይቷ ናት።

ጂያና ማርያ ካናሌ የጂዜልንና የማርጌሪትን ሚና የያዘችው ናት። በ1947 በተደረገው የጣልያን የቁንጅና ውድድር ሁለተኛ ወጥታለች፤ ሦስተኛ የወጣችው ጂና ሎሎብሪጂዳ ነበረች። ካናሌ በዚያን ጊዜ የፍሬዳ የሕይወት አጋር ነበረች፤ በብዙ ፊልሞቹ ውስጥ አለች። በውበቷ ለምትታወቅ ሴት ውበቷ በካሜራ ፊት ሲፈርስ እንዲታይ መፍቀድ ቀላል አይመስለኝም። ያንን ትዕይንት ስመለከት መጀመሪያ የሚይዘኝ መስመሩ ሳይሆን ዐይኗ ነው፤ ዐይኗ ፊቷ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃል። መስታወት አላየችም፤ ግን ከሚያዩዋት ሰዎች ፊት ላይ ታነበዋለች።

ባቫ ዘዴውን የፈጠረው እሱ አይደለም። ካርል ስትራስ የሚባለው የአሜሪካ ሲኒማቶግራፈር (የካሜራና የብርሃን ኃላፊ) በ1925 በ«ቤን ሁር» ለምጻሞች ሲፈወሱ በማሳየት ተጠቅሞበታል፤ በ1931 ደግሞ በሩበን ማሙሊያን «ዶክተር ጄክልና ሚስተር ሃይድ» ጨዋው ሰው ወደ አውሬነት ሲለወጥ። ማሙሊያን ምስጢሩን ለብዙ ዓመታት አልገለጠም ነበር። በ«ኢ ቫምፒሪ» ውስጥ ግን ዘዴው ከታሪኩ ጋር አንድ ሆኗል ብዬ አስባለሁ። ጨዋ ሰው አውሬ ሲሆን ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ እርጅና ግን የሁላችን ነው። ሃምሳ ዓመት የሚፈጀውን ነገር በጥቂት ሰከንድ ያሳየናል፤ አስፈሪነቱ ከዚያ ይመጣል።

ዘዴው የቀለም ፊልም ሲስፋፋ አብሮ ከገበያ ወጣ። በቀለም ፊልም ላይ ክፍሉ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ሁሉም ያየዋል። ባቫ ግን ጥቁርና ነጩ ከመሰናበቱ በፊት በ1960 አንድ ጊዜ ደግሞታል፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ባቫ ማነው? በ1914 ሳን ሬሞ ተወልዶ ሠዓሊ መሆን የሚፈልግ ልጅ ነበር። አባቱ ኤውጄንዮ ባቫ ቅርፃ ቅርፅ ይሠራ የነበረ፣ በድምፅ አልባው ሲኒማ ዘመን ደግሞ የካሜራና የልዩ ምስል ዘዴዎች ባለሙያ የነበረ ሰው ነው። ማርዮ በአባቱ ሥራ ቤት በሰም፣ በጂፕሰም፣ በመስታወትና በቀለም መካከል አደገ። «ኢ ቫምፒሪ»ን ያየሁት ሁሌ አንድ ቀራፂና አንድ ሠዓሊ የሠሩት ሥራ አድርጌ ነው፤ ፍሬዳ አዳራሹንና ሰውን እንደ ሐውልት ያቆማል፣ ባቫ ብርሃን ይቀባበታል።

ፓሪስን ሮም ላይ ማምጣትም የባቫ ዓይነት ሥራ ነው። እሱ የታወቀበት አንዱ ዘዴ የመስታወት ሥዕል ነው። ካሜራው ፊት ንጹሕ መስታወት ይቆማል። በመስታወቱ ላይኛ ክፍል ግንብ፣ ጣሪያ፣ ሰማይ ይሣላል ወይም ከፎቶ ተቆርጦ ይለጠፋል። ታችኛው ክፍል ባዶ ይተዋል፤ በዚያ በኩል እውነተኛዎቹ ተዋንያን በእውነተኛው ግቢ ሲራመዱ ይታያሉ። ካሜራው ከአንድ ቦታ ካልተነቃነቀ ሥዕሉና ግቢው አንድ ሕንፃ ይሆናሉ። አንድ ሜትር የማይሞላ መስታወት ሙሉ ቤተ መንግሥት ይተካል። ወጪው የአንድ ሠዓሊ የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።

ያም ሆኖ 12ቱ ቀን አልበቃም። ፍሬዳና ባቫ እንደሚተርኩት፣ አሥረኛው ቀን ላይ ፍሬዳ ከፕሮዲዩሰሮቹ ጋር ተጣልቶ ጥሎ ወጣ። ፊልሙ ገና ግማሽ መንገድ ነበር። ባቫ በቀሩት ሁለት ቀናት ታሪኩን አሳጥሮ፣ አስተካክሎ፣ ጨረሰው። በመጀመሪያው ሐሳብ ሴንየሬ በጊዮቲን አንገቱ ተቆርጦ የሞተ፣ ሐኪሙም መልሶ የሰፋው ሰው ነበር፤ ይህ ከፊልሙ ወጥቷል። በዚህ ለውጥ ምክንያት ይመስለኛል የምርመራው ክፍል ሰፋ ብሎ፣ ጋዜጠኛውና ፖሊሱ ብዙ ሲነጋገሩ የምናየው። አንዳንድ ሰው ይህንን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ንግግሩ ይበዛል፣ ቤተ መንግሥቱ ሲመጣ እንጂ ፊልሙ ነፍስ አይዘራም ይላል። በከፊል ትክክል ነው፤ ጋዜጠኛው ራሱ ከካናሌ አጠገብ ሲቆም ደብዛዛ ነው። ግን ሁለቱ ክፍሎች አንድ ላይ በመሰፋታቸው ኋላ ከጣልያን የመጣው ሁሉ እዚህ በፅንስ ይታያል።

ምን ማለቴ ነው? የምርመራው ክፍል ያለው በዘመኑ ከተማ ነው፤ ወጣት ሴቶችን ተራ በተራ የሚገድል፣ ማንነቱ የተሰወረ እጅ። የቤተ መንግሥቱ ክፍል ያለው በጥንት ጥላ ውስጥ ነው፤ መቃብር፣ የተደበቀ በር፣ ሞትን እምቢ ያለች ሴት። ባቫ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ አሳደጋቸው።

ሁለተኛውን ያሳደገው በ1960 «ላ ማስኬራ ዴል ዴሞንዮ» (የሰይጣን ጭምብል) በሚለው፣ እሱ ራሱ በዳይሬክተርነት በፈረመበት የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ባርባራ ስቲል የምትባለው እንግሊዛዊት ሁለት ሴቶችን ሆና የተጫወተችበት ይህ ፊልም ዓለምን ዞረ፤ ያ የቀይና የአረንጓዴ መብራት ዘዴም እዚያ በድጋሚ ታየ። እንግሊዝ ውስጥ ሳንሱሩ እስከ 1968 ድረስ አላሳለፈውም።

የመጀመሪያውን ክፍል፣ የከተማውን ገዳይ፣ በ1963 እና በ1964 በሠራቸው ሁለት ፊልሞች አሳደገው። ይህ ዘርፍ ዛሬ «ጂያሎ» ይባላል። ቃሉ በጣልያንኛ «ቢጫ» ማለት ነው። ሞንዳዶሪ የሚባለው የሚላን አሳታሚ ከ1929 ጀምሮ የወንጀል ልቦለዶችን በቢጫ ሽፋን ያወጣ ስለነበር፣ ጣልያኖች የወንጀል ታሪክን ሁሉ «ቢጫ» ማለት ለመዱ። በሌላው ዓለም ግን ቃሉ የተለየ ትርጉም ያዘ፤ ግድያው በሚያምር ብርሃን የሚቀረጽበት፣ ገዳዩ ጥቁር ጓንት የሚያጠልቅበት፣ ምርመራና ሽብር የተጋቡበት የጣልያን ፊልም። በ1970 ዳርዮ አርጀንቶ የመጀመሪያ ፊልሙን ይዞ ብቅ ሲል መንገዱ ተጠርጎ ነበር የጠበቀው።

ለ«ኢ ቫምፒሪ» ግን ይህ ሁሉ አልደረሰለትም። ሲኒማ ቤቶች አልሞሉም። ፍሬዳ ምክንያቱን ሲያስረዳ የሚተርከው ነገር አለ። ሳን ሬሞ ውስጥ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆሞ ሰዎችን ይመለከት ነበር። ሰዎች በፖስተሩ ተስበው ይመጣሉ፤ ዝርዝሩን ያነባሉ፤ የጣልያን ስም ሲያዩ ትተውት ይሄዳሉ። አስፈሪ ፊልም ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ ካልመጣ አያስፈራም ብለው ያምኑ ነበር። ይህ ነገር ልብ ይነካል፤ የራስ አገር ሰው የሠራውን፣ የራስ አገር ሰው በመሥራቱ ብቻ፣ ሳያዩ መናቅ ጣልያን ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ፍሬዳ ከዚያ ወዲያ አስፈሪ ፊልሞቹን «ሮበርት ሃምፕተን» በሚል ስም ፈረመ። ባቫም በ1963 «ጆን ኤም. ኦልድ» ሆኖ ያውቃል። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ለዓመታት የጣልያን አስፈሪ ፊልም በፈረንጅ የብዕር ስም ተሸሽጎ ኖረ።

ጊዜውም እጣ አልሆነለትም። «ኢ ቫምፒሪ» ከወጣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ግንቦት 2 ቀን 1957፣ ሃመር የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት የፍራንከንስታይን ፊልሙን በቀለም ለንደን ላይ አሳየ፤ በዓመቱ ድራኩላን አስከተለ። የአስፈሪ ፊልም ትንሣኤ ተብሎ በታሪክ የተጻፈው ያ ነው። ጣልያኖቹ በሳምንታት ቀድመው ነበር፤ ያየላቸው ግን አልነበረም።

ፊልሙን ለማየት የምትፈልጉ የጣልያንኛውን ቅጂ ፈልጉ። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀው ቅጂ በኋላ በተቀረጹ ሌሎች ትዕይንቶች የተጠጋገነ ነው፤ የፍሬዳና የባቫ ሥራ እዚያ ውስጥ ተሰነካክሏል። ሲቻል ማታ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ፣ በትልቅ ስክሪን እዩት፤ ምስሉ ሰፊ ስለሆነ በስልክ ስክሪን አዳራሹ ይጠፋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ፊቷ የሚያረጅበት ቦታ ሲደርስ መልሳችሁ ደግሙት፤ በሁለተኛው ጊዜ መስመሮቹን ትታችሁ ከንፈሯን ተመልከቱ። የምታውቁት ቀይና አረንጓዴ መብራት ሥራውን ሲሠራ፣ ካናሌ ፊቷ እንዳይነቃነቅ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች።